ፍም፣ የወይራ ዘይትና ሎሚ፦ የሜዲትራኒያን የበጋ ጥብስ

በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ባሉ አገሮች ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ የደረቅ ፀሐይ ወራት ናቸው። በኢትዮጵያ ደጋ ዶፍ በሚወርድበት፣ ወንዝ በሚሞላበት ሰሞን በግሪክ ደሴቶች፣ በደቡብ ስፔንና በሊባኖስ ጠረፍ ሰማዩ ለሳምንታት ጠብታ አያወርድም። አማርኛ ተናጋሪው የፈረንጆቹን ሞቃት ወቅት አንዴ በጋ አንዴ ክረምት እያለ የሚጠራው በዚሁ ግጥምጥም የተነሣ ነው፤ በወሩ ሲሄድ ክረምት፣ በአየሩ ሲሄድ በጋ ይሆናል። በዚህ ዝግጅት በጋ የተባለው አየሩ ነው። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚያልፍበት ቀን ወጥ ቤት ገብቶ ሁለት ሰዓት እሳት ዳር መቆም ቤቱን እቶን ማድረግ ነው። ስለዚህ ማብሰያው ወደ ግቢ፣ ወደ ጣሪያ፣ ወደ ባሕር ዳር ይወጣል። ምግቡም ቶሎ የሚደርስ፣ ለሆድ የማይከብድ፣ ፍም ላይ የሚጠበስ ይሆናል።

ልማዱ ዕድሜው ረጅም ነው። በግሪኳ ሳንቶሪኒ ደሴት አክሮቲሪ የምትባል ጥንታዊት ከተማ አለች፤ ከ3,500 ዓመት በላይ ይሆናል፣ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በአመድ ቀብሯታል። ከአመዱ ሥር ከወጡት ዕቃዎች መካከል ጥንድ ጥንድ ሆነው የተሠሩ የሸክላ ማስደገፊያዎች ይገኛሉ። አናታቸው ላይ ሥጋ የተሰካበት ዘንግ የሚያርፍባቸው ጎድጓዶች ተደርድረዋል፤ ጫፋቸው ደግሞ የእንስሳ ራስ ተቀርጾበታል። ከዚያ ብዙ መቶ ዓመታት ዘግይቶ የመጣው የግሪኩ ባለቅኔ የሆሜር «ኢሊያድ» በዘጠነኛው ክፍሉ የእንግዳ መስተንግዶ ያሳያል። ሥጋው ዘንግ ላይ ተሰክቶ ይቆይና፣ እሳቱ ነዶ ነበልባሉ ሲወርድ ፍሙ ተዘርግቶ ከላዩ ይጠበሳል፤ ጨውም ይነሰነስበታል። ዛሬ አቴንስ መንገድ ዳር በዘንግ የተሰካ ሥጋ፣ ሱቭላኪ፣ የሚጠብስ ሰው ከዚህ የጨመረው ነገር ጥቂት ነው። ሎሚው እንኳ ኋላ የመጣ ነው።

የዚህ አካባቢ ገበታ በዓለም ስሙ የተነሣው ግን በሥጋው አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ምግብ ተመራማሪ አንሴል ኪስ እ.ኤ.አ. በ1958 የተጀመረውን የሰባቱን አገሮች ጥናት ሲመራ፣ የቀርጤስ ደሴት ገበሬዎች የወይራ ዘይት እንደ ውሃ እያፈሰሱ፣ አትክልት፣ ጥራጥሬና ዳቦ እየበሉ፣ ሥጋ ግን አልፎ አልፎ ብቻ እየቀመሱ በልብ በሽታ የሚሞቱት እጅግ ጥቂቶች መሆናቸውን አየ። ኪስ ራሱ ደቡብ ጣሊያን ባሕር ዳር ቤት ሠርቶ ብዙ ዓመት ኖረ፤ የሞተው በ100 ዓመቱ ነው። ኋላም በስፔን 7,447 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ። በአሠራሩ ስሕተት ተገኝቶበት በ2018 እንደ አዲስ ተተንትኖ ሲታተምም ውጤቱ ብዙ አልተለወጠም፤ የወይራ ዘይት ወይም ለውዝና መሰል ፍሬ የበዛበትን ይህን ገበታ የተከተሉ ሰዎች ከባድ የልብና የአንጎል ደም ሥር ሕመም የደረሰባቸው ከሌሎቹ ወደ 30 በመቶ ባነሰ መጠን ነው። የተለካው ገበታው በሙሉ መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም፤ ጥብስ ብቻውን ልብ አያክምም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በሰው ልጅ ቅርስነት የመዘገበውም ማረሱን፣ ማጥመዱን፣ ማብሰሉንና አብሮ መብላቱን አንድ ላይ አድርጎ ነው። ዛሬ በየከተማው «ሜዲትራኒያን» የሚል ጽሑፍ ለጥፎ ሥጋ የተቆለለበትን ሳህን የሚያቀርብ ምግብ ቤት ስሙን ወስዶ ነገሩን ትቶታል ቢባል ግፍ አይሆንም። በትክክለኛው ገበታ ከፍሙ ላይ አብዛኛውን ቦታ የሚይዘው አትክልት ነው፣ ዓሣ ይከተላል፣ ሥጋ የመጨረሻውን ጥግ ያገኛል።

ለኢትዮጵያ ወጥ ቤት ይህ ሁሉ ባዕድ አይደለም። በየቤቱ ደጃፍ በቆርቆሮና በማሰሮ የሚበቅለው የጥብስ ቅጠል፣ ፈረንጆች ሮዝመሪ የሚሉት፣ የትውልድ አገሩ የሜዲትራኒያን ጠረፍ ነው። አማርኛ ስሙን ያወጣለት ከሥራው ተነሥቶ ነው፤ ጣሊያኖችና ግሪኮችም ጥብስ ላይ ያኖሩታል። በኢትዮጵያ ደጋ የሚበቅለው ጦስኝ እነርሱ ዓሣና በግ ላይ የሚነሰንሱት ቅጠል የቅርብ ዘመድ ነው። የጠላ ጋንና የወተት ዕቃ የሚታጠንበት የአበሻ ወይራ ደግሞ ዘይት ከሚጨመቅለት የሜዲትራኒያን ወይራ ጋር በአንድ ዝርያ የሚመደብ ዛፍ ነው፤ ፍሬው ትንሽ፣ ሥጋውም ስስ በመሆኑ ለዘይት አልተመቸም እንጂ ጭሱ ያው ጭስ ነው።

የዚህ ምግብ ግማሹ ሥራ እሳቱ ነው። ከሰል ሲለኮስ ጠርዙ ይቀላል፣ ነበልባል ያወጣል፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሲሞላው ነበልባሉ ወርዶ ፍሙ ግራጫ አመድ ይለብሳል። መጥበስ የሚጀመረው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት የተጣደ ነገር ከላይ ጥላሸት ይለብሳል፣ ከውስጥ ጥሬ ይቀራል። ለማቀጣጠል ጭራሮና ወረቀት ይበቃል፤ ነጭ ጋዝ ማርከፍከፍ አደገኛ ከመሆኑም በላይ ሽታው ከዓሣ ላይ አይለቅም። ቡና የሚፈላበት የከሰል ማንደጃ ሰፋ ያለ ከሆነ ከላዩ የብረት ፍርግርግ አድርጎ ለሦስት ለአራት ሰው መጥበስ ይቻላል። ቱርኮች ለዚህ ዓይነቱ ምድጃ ያላቸው ስም ማንጋል ነው፤ ከዐረብኛ የወሰዱት ቃል ነው። በእስራኤል የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም አሳምረው ያውቁታል። በነጻነት ቀን የየከተማው መናፈሻ በማንጋል ጭስ ይሞላል፤ በየምድጃው አጠገብም ካርቶን ወይም የላስቲክ ማራገቢያ ይዞ ፍሙን የሚያርገበግብ ሰው አይጠፋም፤ ዕቃውን ነፍናፍ ይሉታል።

የፍሙን ኃይል ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። መዳፍ ከፍርግርጉ በላይ ግማሽ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ይዘረጋና ይቆጠራል። ሁለት ወይም ሦስት ተብሎ እጅ ከተሰበሰበ እሳቱ ብርቱ ነው፤ ለዓሣ፣ ለበግና ስስ ሆኖ ለተቆረጠ ነገር ይሆናል። አምስት ድረስ ከተቻለ መካከለኛ ነው፣ የዶሮ ነው። ስምንት ከደረሰ ለዳቦና ምግብ ሳይቀዘቅዝ ለማቆየት እንጂ ለሌላ አይበቃም። ፍሙን በሙሉ በአንድ ደረጃ መዘርጋት የጀማሪ ስሕተት ነው። ሁለት ሦስተኛው ወደ አንድ ወገን ይከመርና ሌላው ወገን ስስ ወይም ባዶ ይተዋል። ስብ ተንጠባጥቦ ነበልባል ሲነሣ ሥጋው ወደ ባዶው ወገን ይሸሻል። በውሃ ማጥፋት አመዱን አንሥቶ ምግቡ ላይ ይበትነዋል።

ጥብስ ያን ቡናማ ቀለምና ያን መዓዛ የሚያገኘው ላዩ ከ140 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲሞቅ፣ በውስጡ ያሉት አሚኖ አሲዶችና ስኳር ተዋሕደው ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚይ ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ይህ ሂደት ቡና ሲቆላ ከሚሸተው መዓዛ ውስጥም ትልቅ ድርሻ አለው። ውሃ ግን ከ100 ዲግሪ በላይ አይሄድም፤ እርጥብ ሥጋ ፍም ላይ ሲደረግ መጀመሪያ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ዓሣውንም ሥጋውንም ከመጣድ በፊት በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወረቀት አድርቆ መጥረግ ከብዙ ቅመም ይበልጣል የሚባለው ለዚህ ነው።

ቅመሙ ራሱ ጥቂት ነው። የግሪክ ቤቶች ከጥብስ ጎን የማይለዩት ማጣፈጫ ላዶሌሞኖ ይባላል፤ ዘይትና ሎሚ ማለት ነው። ሦስት እጅ የወይራ ዘይት፣ አንድ እጅ የሎሚ ጭማቂ፣ ጨውና ኦሬጋኖ ከሚባለው ደረቅ ቅጠል ትንሽ ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ እስኪደፈርስ ይናጣል። በኢትዮጵያ ገበያ ያለው ትንሹ ሎሚ ይበልጥ ስለሚኮመጥጥ መጠኑን ቀነስ ማድረግ ነው። ዓሣ ሲሆን ዘይቱ ከእሳት በፊት በስሱ ይቀባል፣ ሎሚው ከእሳት በኋላ ይፈሳል። ይህን ቅደም ተከተል ማዛባት ዋጋ ያስከፍላል። ጥሬ ዓሣ ሎሚ ውስጥ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከተቀመጠ አሲዱ ሥጋውን ነጭ አድርጎ ያፈራርሰዋል፣ ፍርግርጉ ላይም ይበታተናል። ዘይት በዝቶ የተነከረ ነገር ደግሞ ፍሙ ላይ እያንጠባጠበ ያጨሳል።

ከአትክልት ሁሉ ለፍም የተፈጠረ የሚመስለው ደበርጃን ነው። መካከለኛ ደበርጃን ሳይላጥ፣ ሙሉውን፣ ሦስት አራት ቦታ በሹካ ተወግቶ ብርቱ ፍም ላይ ይጋደማል። ካልተወጋ ውስጡ የታመቀው እንፋሎት ሊያፈነዳው ይችላል። በአምስት ደቂቃ ቆዳው ይጠቁራል፣ ይሰነጠቃል፤ የማያውቅ ሰው አረረ ብሎ ሊያነሣው ይቸኩላል። መተው ነው። በየአምስት ደቂቃው በመቆንጠጫ ይገላበጣል። ወደ 20 ደቂቃ ሲጠጋ ትከሻው ይወድቃል፣ ሆዱ ይሟሽሻል፣ ከእንብርቱ ቡናማ ጭማቂ ይወጣና ፍሙ ላይ ጭስስ ይላል። ደረሰ የሚባለው መቆንጠጫው ሲነካው መሐሉ የሚቋቋም ነገር ሲያጣ ነው፤ በግማሽ የበሰለ ደበርጃን ምላስ ያሳክካል፣ ይመርራል። ከዚያ ለሁለት ተከፍቶ ሥጋው በማንኪያ ይጫራል፤ ወንፊት ላይ አሥር ደቂቃ ይጠነፈፋል፤ በሹካ ይደቆሳል። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጣሂና፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ የተፈጨ አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ሲገባበት ሊባኖሶች ሙተበል የሚሉት፣ ሌሎች ባባ ጋኑሽ ብለው የሚጠሩት ማባያ ይሆናል። ጣሂና ከሰሊጥ የሚፈጭ ነው። እስራኤል ውስጥ ጣሂና የሚያዘጋጁ ሰዎች የሚመርጡት ሰሊጥ ከሑመራ የሚሄደው ነው፤ ቴል አቪቭ ላይ ዳቦ የሚጠቀስበት ሳህን ብዙ ጊዜ መነሻው ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ መሆኑን የሚያውቅ በላተኛ ጥቂት ነው።

ቃሪያ፣ ቲማቲምና ሽንኩርትም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ትልልቁ የፈረንጅ ቃሪያ ቆዳው ዙሪያውን እስኪጠቁር ይጠበስና ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ተከድኖ ሩብ ሰዓት ይቆያል፤ በእንፋሎቱ ቆዳው ይላቀቃል። በውሃ እያጠቡ መላጥ ሥራውን ያቀላል፣ ጣዕሙን ግን አብሮ ያጥባል። ካታሎኒያዎች ቃሪያውንና ደበርጃኑን በረጃጅሙ ቀደው፣ ዘይት አፍስሰው እስካሊቫዳ ይሉታል። ቱኒዝያዎች ደግሞ ቃሪያውን፣ ቲማቲሙን፣ ሽንኩርቱንና ነጭ ሽንኩርቱን አንድ ላይ ከትክተው፣ ድንብላል ጨምረው፣ ቱናና የተቀቀለ እንቁላል ከላይ ደርድረው ያቀርባሉ። ስሙ ሰላጣ መሽዊያ ነው፤ መሽዊ በዐረብኛ ፍም ላይ የተጠበሰ ማለት ነው። ከዳጣ ጋር ያደገ ምላስ ከሜዲትራኒያን ምግብ ሁሉ ቶሎ የሚለምደው ይህን ሳይሆን አይቀርም። ዝኩኒ ከእነዚህ ይለያል። ጣት ውፍረት ባለው ልክ በረጅሙ ተቆርጦ ዘይት በስሱ ከተቀባ በኋላ በአንድ ወገን ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ ውሃ ሆኖ ይቀራል።

በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚኖሩ ጾመኞች የእነዚህ አትክልቶች ወቅት ከነሐሴ 1 ከሚገባው ፍልሰታ ጋር ይገጥማል። ዘይቱ የወይራ፣ ማባያው የሰሊጥ ስለሆነ የቱኒዝያውን ሰላጣ ቱናና እንቁላል ከመተው በቀር ለጾም የሚቀየር ነገር የለም። ግሪኮችም በዚያው ሰሞን የእመቤታችንን ጾም ይጾማሉ። በእነርሱ ልማድ ዓሣ ቢከለከልም ደም የላቸውም የሚባሉት እንደ ኦክቶፐስ ያሉ የባሕር ፍጥረታት ይፈቀዳሉ፤ በደሴቶቹ ወደብ ላይ እንደ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥተው የሚደርቁት ኦክቶፐሶች ኋላ ወደ ፍም ይሄዳሉ።

የዓሣ ጥብስን ምስጢር ለማየት ከማላጋ የተሻለ ቦታ አይገኝም። በዚህች የደቡብ ስፔን ከተማ ባሕር ዳር አሸዋ የተሞሉ አሮጌ ጀልባዎች ተደርድረዋል፤ በአሸዋው ላይ የወይራ እንጨት ይነዳል። ጠባሹ ስድስት ያህል ሰርዲን በተሾለ ሸምበቆ ላይ ይሰካል፣ የባሕር ጨው ይበትንባቸዋል፣ ከዚያም ሸምበቆውን ከእሳቱ አጠገብ አሸዋው ውስጥ አጋድሞ ይተክለዋል። ዓሣው ከፍሙ በላይ ሳይሆን በጎኑ ስለሚቆም ስቡ የሚንጠባጠበው አሸዋው ላይ ነው፤ ነበልባል አይነሣም፣ ጥላሸት አይነካውም። ነፋሱ ሲዞር ሸምበቆው ይነቀልና ይዛወራል። ዘይት የለም፣ ቅመም የለም። የማላጋ ሰዎች ሰርዲን የሚበላው ስማቸው ውስጥ «ር» በሌለባቸው ወራት ነው ይላሉ። በስፔንኛ እነዚህ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ያሉት አራቱ ናቸው፤ ዓሣው የሚሰባውም ያኔ ነው።

ሰርዲን በሌለበት ቤት ሌላ ሙሉ ዓሣ ይተካል። ከሐዋሳ፣ ከዝዋይ ወይም ከጫሞ ሐይቅ የሚወጣው ቆሮሶ ቆዳው ጠንካራ፣ ሥጋው ነጭ ስለሆነ ፍም ይችላል። ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ በሁለቱም ጎኑ ሁለት ሦስት ቦታ እስከ አጥንቱ ይተለተላል። ይደርቃል፣ ጨው ይታሻል፣ ዘይት ይቀባል፤ ሆዱ ውስጥ ጦስኝና የተቆራረጠ ሎሚ ይገባል። ፍርግርጉ አስቀድሞ በደንብ መጋል አለበት። ዓሣ ተጣበቀ የሚባለው ብዙ ጊዜ ብረቱ ሳይግል ስለተጣደ ወይም ሳይደርስ ስለተነካካ ነው፤ ቆዳው በቅጡ ሲጠበስ ብረቱን በራሱ ይለቃል። ለጊዜው መለኪያ የሚሆነው ውፍረቱ ነው፦ በወፍራሙ ቦታ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ለሚሆን ዓሣ በሁለቱም ወገን ድምሩ አሥር ደቂቃ ገደማ። ሥጋው መስተዋት መምሰሉን ትቶ ሲነጣና ከአጥንቱ በቀላሉ ሲላቀቅ ይነሣል። ላዶሌሞኖው በትኩሱ ይፈስበታል።

ዶሮን በእርጎ ማለስለስ በሊባኖስና በሶርያ የታወቀ ጥበብ ነው። ሺሽ ታውክ የሚባለው ይህ ጥብስ ዛሬ በመላው የባሕረ ሰላጤው አገሮች ስለሚሸጥ፣ በዱባይም ሆነ በጂዳ የሠራ ኢትዮጵያዊ ሳይቀምሰው አይመለስም። እርሳስ ላነሣ አድማጭ መጠኑ እንዲህ ነው። ለ1 ኪሎ አጥንት የሌለው ዶሮ አንድ ብርጭቆ ያልሞላ እርጎ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ አራት ፍሬ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ ጨው። ዶሮው 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ይቆረጥና በዚህ ተለውሶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያድራል። የእርጎው አሲድ ከሎሚው የለዘበ በመሆኑ ሥጋውን ሳያፈርስ ያለሰልሰዋል። የእንጨት ዘንግ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይቆያል፣ አለዚያ ይነዳል። ሲሰካ ቁራጩና ቁራጩ መሐል ትንሽ ክፍተት ይተዋል፤ ተጣብቆ የተሰካ ሥጋ መሐሉ አይደርስም። ለዓይን ያምራል ተብሎ ቃሪያና ሽንኩርት በየመሐሉ መሰካቱም አይመከርም። ዶሮው ሲደርስ ሽንኩርቱ ያርራል፣ ሽንኩርቱ ሲያምር ዶሮው ጥሬ ነው፤ ለየብቻ መሰካቱ ይሻላል። መካከለኛ ፍም ላይ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ እየተገላበጠ ይጠበሳል። የውስጡ ሙቀት 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። በእጅ የሚያዝ የምግብ ቴርሞሜትር ዋጋው ብዙ አይደለም፤ ከሌለም ትልቁ ቁራጭ ተከፍሎ ይታያል፣ ቅላት መቅረት የለበትም። ጥሬ ዶሮ የተነከረበት እርጎ ተመልሶ ማባያ አይሆንም፣ ይደፋል።

የግሪኩ ሱቭላኪ በአገሩ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ነው፤ በበግ ሲሠራ ግን ምንም አይጎድልበትም። 1 ኪሎ የበግ ታፋ በኩብ በኩብ ይቆረጣል። አራት የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ሦስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ኦሬጋኖና ቁንዶ በርበሬ ይገባበታል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይቆያል። ጨው ለ1 ኪሎ 10 ግራም ገደማ ይበቃል፤ ይህም ሁለት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ኦሬጋኖ ከጠፋ ጦስኝ ይተካዋል፤ ጣዕሙ ይለያል እንጂ አይበላሽም። ብርቱ ፍም ላይ ከስምንት እስከ አሥር ደቂቃ ከተጠበሰ በኋላ ሳህን ላይ አምስት ደቂቃ ያርፋል፤ ወዲያው ከተነከሰ ጭማቂው ሳህኑ ላይ ይቀራል። ማባያው ዛዚኪ ነው። ኪያር ተፈቅፍቆ ጨው ይደረግበትና ውሃው በእጅ ይጨመቃል፤ ከተጠነፈፈ ወፍራም እርጎ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዘይትና ከናና ጋር ይቀላቀላል። ኪያሩን ሳይጨምቁ መቀላቀል ዛዚኪውን በአሥር ደቂቃ ውስጥ አጓት ያደርገዋል። ሚጥሚጣ ለለመደ ሰው ሚጥሚጣው በጎን ይቀመጥ፤ ሥጋው ላይ ከታሸ ግን በጉም ሎሚውም አይሰሙም።

የተፈጨ ሥጋ በቱርክና በዐረብ አገሮች ከሽንኩርትና ከከሙን ጋር ታሽቶ ዘንግ ላይ ይለጠፋል፤ ሲፈጭ የላዩ ጀርም ወደ ውስጥ ስለሚገባ 71 ዲግሪ ሳይደርስ አይበላም። የቆጵሮሱ ሃሉሚ አይብ የረጋው ወተት በሙቅ አጓት ውስጥ ስለሚቀቀል ፍም ላይ አይቀልጥም። ጣት ውፍረት ሆኖ ተቆርጦ በየወገኑ ሁለት ደቂቃ ይጠበስና፣ ቆጵሮሶች ከቀዝቃዛ ሐብሐብ ጋር ይበሉታል። የጨዉና የስኳሩ ጋብቻ ለሰሚው ይገርማል፤ የቀመሰው ግን ይደግማል። ዳቦም ፍሙ ሲለዝብ ይጠበሳል። ጣሊያኖች ትኩሱን ዳቦ በጥሬ ነጭ ሽንኩርት አሽተው ዘይት ያፈሱበታል፣ ካታሎኒያዎች ለሁለት የተከፈለ ቲማቲም ያሹበታል።

ለስድስት ሰው የሚሆን ገበታ ከአንድ እሳት ይወጣል። ብርቱው የመጀመሪያ ፍም የደበርጃኑና የቃሪያው ነው፤ እነርሱ ቀዝቅዘው ሲላጡና ሲደቆሱ ዓሣው ወይም በጉ ይጣዳል፤ ዝኩኒውና ዶሮው ይከተላሉ፤ ዳቦው መጨረሻ ነው። ሥጋ ወይም ዓሣ ከ1 ኪሎ አይበልጥም፣ አትክልቱ ግን ቢያንስ ሁለት ኪሎ ይሁን። ያረረ ጥቁር ክፍል ካለ ተቆርጦ ይጣላል። ስብ ፍም ላይ ሲቃጠል ከሚወጣው ጭስና ከሥጋ ማረር የሚፈጠሩ ውሕዶች በብዛት ከተበሉ ለካንሰር ያጋልጣሉ ተብለው ይጠረጠራሉ። ሥጋ አስቀድሞ በሎሚ፣ በዘይትና በቅጠል መለወሱ እነዚህን ውሕዶች እንደሚቀንስ ታይቷል፤ አትክልቱ ላይ ግን በሥጋ የሚፈጠሩት ዓይነቶች እምብዛም አይገኙም። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይም፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ባለፈ ቀን አንድ ሰዓት ብቻ ነው።

የከሰል እሳት ቦታው ውጭ ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ነበልባልና ጭስ ጠፍቶ ፍሙ ሲያምርም መውጣቱን አያቆምም። በኢትዮጵያ ዝናብ ሲመጣ ማንደጃውን ወደ ሳሎን ማስገባት፣ በብርድ አገርም ጋራዥ ውስጥ መጥበስ ሰው የሚገድል ነገር ነው። መስኮት መክፈት አስተማማኝ መፍትሔ አይደለም። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች በአፓርታማ በረንዳ ላይ ከሰል ማንደድ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ የሕንፃውን ሕግ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ክልከላ ወይም ዝናብ ሲኖር ወፍራም ብረት ምጣድ በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ በደንብ ግሎ ዓሣውንም፣ ሱቭላኪውንም፣ ዝኩኒውንም ይጠብሳል፤ ቃሪያውና ደበርጃኑ በጋዝ ነበልባል ላይ ይለበለባሉ። የጭሱ ሽታ ይቀንሳል፣ ሎሚውና ዘይቱ ግን ያው ናቸው።

ከምግቡ በኋላ የሚቀረው አመድ በላስቲክ ባልዲ ወይም በቆሻሻ ከረጢት አይደፋም። ግራጫ ሆኖ የቀዘቀዘ የሚመስል ፍም ከሥሩ እስከ ማግስቱ ግሎ ሊያድር ይችላል፤ በብረት ዕቃ ተከድኖ ሁለት ቀን ይቆይና ከዚያ ይጣላል።